የአውራ ጣት ጥፊ

ካርልተን ከባንዱ ያባረረኝ የፋብሪካ ቱታዬን ሳላወልቅ ነው። ሐምሌ ነበር፤ በዴይተን ከተማ ምዕራብ ሰፈር ሐምሌ ማለት አስፋልቱ ከጫማ ጋር የሚጣበቅበት ወር ነው። ከፍሬን ፋብሪካው ወጥቼ በቀጥታ ወደምንለማመድበት ወደ እናቱ ጋራዥ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ በእኔ ቦታ ቆሟል። ቤዝ ጊታሩን የሰካው በእኔ አምፕሊፋየር ላይ ነው። ክሮቹን እንደ እኔ በጣቶቹ ጫፍ አይነካም። ወፍራሞቹን በአውራ ጣቱ አጥንት በጥፊ ይላቸዋል፣ ቀጫጭኖቹን ከሥር በሌባ ጣቱ ጎትቶ ይለቃቸዋል። የጋራዡ ቆርቆሮ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

ከበሮ መቺውና ጥሩምባ ነፊዎቹ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። ካርልተን ግን ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው።

«ቬርኔል፣ እህቴ፣ ዘመኑ እኮ ተቀየረ» አለኝ። «አንቺ ስትጫወቺ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃብሽ የምትፈሪ ነው የሚመስለው። እኛ የምንፈልገው ሕፃኑን ቀስቅሶ የሚያስጨፍረውን ነው። ይሄ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል።»

ጉልበት ያላት ቃል ናት ያቃጠለችኝ። ቀኑን ሙሉ ብረት ሳነሳና ስጥል የምውል ሰው ነኝ፤ ካርልተን ደግሞ ጫማ መሸጫ ውስጥ የሰው እግር ሲለካ ነው የሚውለው። ወደ ጎረምሳው ዞሬ «ንቀለው» አልኩት። ድዌይን ነበር ስሙ። ካርልተንን አየት አደረገው፣ ካርልተን ጣሪያውን አየ፣ ድዌይን ነቀለ። አምፕሊፋየሬን በካርልተን እናት የአትክልት ጋሪ ላይ ጭኜ በመንገዱ መሐል እየገፋሁ ወጣሁ። ጎረቤታችን ሚስ ኦፋል በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ሞቶ ነው እንዲህ የምትገፊው?» አለችኝ።

«ካርልተን» አልኳት።

በዚያን ዘመን፣ በሰባዎቹ መሐል፣ በእኛ በጥቁሮቹ ሰፈር ጋራዥ ያለው ሁሉ ባንድ ነበረው። ወንዙን ተሻግሮ ያለው የከተማው ሰው ቀን ቀን በፋብሪካ ብቻ ነበር የሚያውቀን፤ ከሥራ በኋላ ግን ከየጓሮው የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነበር። አዲስ የሚወጣው ሸክላ ሁሉ ያ የአውራ ጣት ጥፊ አለበት። ነሐሴ ሲያልቅ፣ እኛ አገር በሚከበረው የሠራተኞች ቀን፣ በሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ የባንዶች ውድድር ይደረጋል፤ ያሸነፈው ሲንሲናቲ ሄዶ ሸክላ ይቀርፃል። ካርልተን ያንን ነበር ያሰበው። ሳስበው እሱም እውነት ነበረው፤ በጥፊ መምታት አልችልም። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ቤዝ የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ገና ልጅ ሆኜ ቤዙን ሳነሳ አንዳንዶቹ ዲያቆናት ሴት ልጅ ይህን አትይዝም ብለው ነበር። ያን ጊዜ የተነሳው አባቴ ነው። አባቴ ሉሺየስ ጌይዘር ቃል የሚያባክን ሰው አይደለም። ከአግዳሚው ተነስቶ «ቤዝ የወንድ ነው የሚለው ቁጥር የት ምዕራፍ ላይ እንዳለ አሳዩኝና ጊታሩን እኔው እቀማታለሁ» አላቸው። ማንም አላሳየውም። እናቴ ከሞተች በኋላም አባቴና እኔ በአንድ ቤት ነበር የምንኖረው፤ እሱ ከብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ጡረታ ወጥቷል፣ እኔ እሠራለሁ። ከዓለም ጦርነቱ በፊት ያን ትልቁን፣ የቆመውን የእንጨት ቤዝ «ትንሽ ትንሽ» ይጫወት እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ጠይቄው መልስ አግኝቼ አላውቅም።

ስለዚህ ምድር ቤት ወርጄ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ በጥፊ መምታት ልለማመድ ስጀምር አባቴ ይቃወመኛል ብዬ አላሰብኩም።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። አውራ ጣትን አንስቶ በአጥንቱ ወፍራሙን ክር መምታት፤ ሌባ ጣትን ከቀጭኑ ክር ሥር አስገብቶ ስቦ መልቀቅ። ክሩ ተመልሶ የጊታሩ አንገት ብረት ላይ ሲያርፍ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ድዌይን ሲያደርገው እንደ ቀልድ ነበር። እኔ ሳደርገው ግን የድስት ክዳን ከደረጃ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው የሚወጣው። አንዱን ክር ስመታ ሦስቱ አብረው ያጉረመርማሉ። ሌባ ጣቴ ክሩን አልፎ አየር ይጎትታል። አውራ ጣቴ አብጦ ደም ቋጠረ፤ በማግስቱ ፋብሪካ ጓንቴ አልገባ ብሎኝ የመስመሩ ተቆጣጣሪ ባልሽ ነከሰሽ ወይ ብሎ ሳቀ። ባል የለኝም። የዚያን ዕለት ስመለስ ቤዙን የመታሁት ተቆጣጣሪውንም ካርልተንንም እያሰብኩ ነው። ሙዚቃ አልነበረም፤ ድብደባ ነበር።

አባቴ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። በቀጥታ ሄዶ የአምፕሊፋየሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው።

«እዚህ ቤት ይሄ ነገር አይመታም» አለ።

ከጮኸብህ እቀንሰዋለሁ አልኩት። ጩኸቱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ታዲያ ምኑ ነው አልኩት። ገመዱን እጁ ላይ እየጠቀለለ ቆየና፣ «ልጄን ማንም ጦጣ አያደርጋትም» አለኝ።

«ጦጣ? እኔን ነው?»

«የቤተ ክርስቲያኑን ተጫወቺ። እሱ ሰው ያደርግሻል። ይሄንን ግን በጣሪያዬ ሥር አልሰማውም።» ገመዱን ይዞ ወጣ።

ገመዱን ነው የወሰደው፣ እንደ ሕፃን። የራሴ ደሞዝ የምበላ፣ የቤቱን ቀለብ የምሸፍን ሴት ነኝ። እራት ላይ ገመዴን መልስልኝ ብዬ ከምለምነው ብዬ በማግስቱ ሌላ ገዛሁ፤ ቤዙንና አምፕሊፋየሩን ጫንኩና ወደ አክስቴ ወደ ሜይዴል ሄድኩ። ሜይዴል የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ሦስተኛ ጎዳና ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ከሥራ ስወጣ ሰኞን እዚያ፣ በፀጉር ማድረቂያዎቹ መሐል፣ ልለማመድ እንድትፈቅድልኝ ጠየቅኳት። ፈቀደች። ለምን ከቤት እንደወጣሁ ስነግራት ግን ማበጠሪያዎቹን ከምታጥብበት ሳሙና ውስጥ እጇን አላወጣችም።

«ጦጣ አለኝ እኮ» አልኳት።

«አንቺን አይደለም» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። አባቴ ትንሽ ትንሽ አልነበረም የሚጫወተው። በወንዙ ዳር በነበረው ሆቴል፣ ነጮቹ ብቻ በሚስተናገዱበት፣ በየሳምንቱ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ነበር። ያን ግዙፍ ቤዝ በመዳፉና በጣቶቹ በጥፊ ሲለው ከበሮ አያስፈልግም ነበር አለች፤ ከኢንዲያና ድረስ ሊሰሙት የሚመጡ ሙዚቀኞች ነበሩ። የሆቴሉ ባለቤት ግን ሙዚቃው አልበቃውም። ቤዙን እንዲያሽከረክረው፣ እንደ ፈረስ እንዲጋልበው፣ ዓይኑን እንዲያገላብጥ፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፉን ከፍቶ እንዲስቅ ያደርገው ነበር። የገለባ ባርኔጣም አልብሶታል። እንግዶቹ ሊሰሙት አልነበረም የሚመጡት፤ ሊስቁበት ነው። አንድ ቀን አባቴ ቤዙን እዚያው ጥሎት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን አንስቶም አያውቅም።

«እናትሽ ታውቅ ነበር» አለች ሜይዴል። «ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበር የምትሠራው። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ንዴቴ መድረሻ አጣ። በሆቴሉ ባለቤት ልናደድ፣ ሞቷል። ሆቴሉ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የቀረኝ አባቴ ነው። ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ፣ እኔ ጣቴን እያደማሁ ከድዌይንና ከሸክላ ስቀዳ፣ የከተማው ምርጥ እጅ እኔው ቤት ውስጥ ጋዜጣ ይገልጣል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አተር ይፈለፍል ነበር። አጠገቡ ቆሜ ሜይዴል እንደነገረችኝ ነገርኩት። እጁ አላቆመም።

«ሜይዴል የምታውቀው ግማሹን ነው» አለ።

ሌላ አተር አነሳ።

«አፌ ክፍት ነበር። ክፍት እንዲሆን ነው የተቀጠርኩት። አንዱ እንግዳ ሲጋራውን ይዞ ወደ መድረኩ መጣ፤ ወፍራም ሲጋራ። አመዱን የሚያራግፍበት አጣ መሰለኝ። አፌ ውስጥ አራገፈው።» አንድ አተር ፈለፈለ። «ሳቁ። ባለቤቱም ሳቀ። ባንዱም ሳቀ፣ ምን ያድርጉ። እናትሽ ሳህን ተሸክማ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘፈኑን ጨረስኩት።»

ላቅፈው ይገባኝ ነበር ይሆናል። ግን ደሜ ፈልቷል፤ አፌ ቀደመኝ።

«ታዲያ አውራ ጣትህ ምን አጠፋ?» አልኩት። «ሰውየው የያዘው ሲጋራ ነው። እጅህን ያሰርከው አንተ ነህ። አሁን ደግሞ የእኔን ልታስር ነው። እኔ የምጫወተው ለነሱ አይደለም አባዬ፤ ለራሳችን ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው የእኔና ያንተ ጎረቤት ነው። ማን ይስቅብኛል?»

«ሰው ሰው ነው» አለና ተነሳ። አተሩ ከጭኑ ላይ በረንዳው ላይ ተበተነ። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አተሩን የለቀምኩት እኔ ነኝ፣ እየተሳደብኩ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ሆንን። እሱ እንቁላሉን ይጠብሳል፣ እኔ ጎመኔን እቀቅላለሁ። በኮሪደሩ ስንተላለፍ ትከሻችንን እናጠባለን። ሰኞ ሲመጣ ፀጉር ቤቱ ሄጄ ክሩን እቀጠቅጣለሁ፤ ምንም አይሻሻልም። በጉልበት ስመታ ክሩ ይታፈናል፤ ቀስ ስል ደግሞ አይሰማም። መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየዋለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ፣ የአንገቴ ሥር ተገትሮ።

አንድ ሰኞ እንዲህ ስቀጠቅጥ በሩ ተከፈተ። አባቴ ነው። ሜይዴል ልታስቀምጠው ወንበር ሳበች፣ አልተቀመጠም። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማኝ። ፊቱ እንደ ኮመጠጠ ነገር የቀመሰ ሰው ተጨማደደ።

«አቁሚ» አለ። «ያ ክር ምን አደረገሽ?»

«ምን?»

«ካርልተን መሰለሽ? የምትመቺው ልትገድዪው ነው። ከመታሽው በኋላ ደግሞ ላዩ ላይ ትተኚበታለሽ፤ በምን ይተንፍስ? የጋለ ብረት የነካ ጣት ምን ያደርጋል?»

«ይሸሻል።»

«ድምፁ የሚወጣው ያኔ ነው። ስትሸሺ።» መጣና እጄን አንጓዬ ላይ ያዘኝ፣ እያመመኝ። «ንዴቱን ከትከሻሽ አውርጂው። ከክንድሽም አውርጂው። እዚህ አንጓው ላይ ያለው ይበቃል። ግራ እጅሽ ደግሞ ምን ይጠብቃል? የማትፈልጊያቸውን ክሮች አፍ ያዥልኝ እንጂ!»

ሞከርኩ። አይደለም አለ። ሞከርኩ። አይደለም፣ ዘገየሽ። አንተ ደግሞ አስተማሪ አይደለህም፣ ፖሊስ ነህ አልኩት። ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብሎ ያስረኝ እንደነበር ነገረኝ። ሜይዴል መሐላችን ገብታ ሁለታችሁንም አስወጣችኋለሁ አለች። በመጨረሻ አባቴ ትዕግሥቱ አለቀና ቤዙን ከአንገቴ ላይ ነጠቀኝ።

የኤሌክትሪክ ቤዝ ይዞ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ የሌላ ሰው ሕፃን እንደተሰጠው ሰው አራቀው፤ ቀጥሎ ወደ ሆዱ አስጠጋው፤ የጊታሩን አንገት ዳበሰ። ከዚያ መታው።

ያን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ድዌይን ሲመታ ደስ ይላል፣ ያስጨፍራል። አባቴ ሲመታ ወለሉ ይጠይቅሃል፤ ምን አድርገህ ነው የመጣኸው ይልሃል። አውራ ጣቱ ሲወድቅና ሲሸሽ አይታይም፤ በሁለቱ ምቶች መሐል ደግሞ ድምፅ የሌላቸው፣ የታፈኑ ትንንሽ ኳኳታዎች አሉ፣ በር ተዘግቶበት ከውስጥ እንደሚያንኳኳ ሰው። ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። መንጋጋው ተገጥሟል፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፣ ከባርኔጣው ሥር ላብ ይወርዳል። ሜይዴል ማበጠሪያ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ዘፈን አልነበረም፤ ስለዚህ አላለቀም፤ ቆመ ብቻ። ቤዙን መለሰልኝ። ፀጉር ወደሚታጠብበት ገንዳ ሄዶ እጁን በሳሙና ረጅም ጊዜ ታጠበ።

«እንደዚህ» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ይመጣል። ጊታሩን ዳግም አልነካውም። ማድረቂያው ሥር ጋዜጣውን ይዞ ይቀመጥና ሳያየኝ «ዘገየሽ» ይላል፣ «ሁለተኛዋ ጣትሽ ሰነፍ ናት» ይላል። አንድም ቀን ጎበዝ አላለኝም። ግን ነሐሴ ሳይጋመስ ክሩ ታዘዘልኝ። አንድ ሰኞ አውራ ጣቴ ከክሩ ላይ በራሱ ሲዘል ተሰማኝ፤ የፀጉር ቤቱ መስታወት ሥር ያሉት ጠርሙሶች ተንጫጩ። አባቴ ጋዜጣውን ገለጠ።

ውድድሩ ሲቃረብ ካርልተን ቤታችን መጣ። ድዌይን የተሻለ ባንድ አግኝቶ ጥሏቸው ወደ ክሊቭላንድ ሄዷል። በሩን የከፈተለት አባቴ ነው፤ ኩሽና ውስጥ ቆሜ እየሰማሁት ቬርኔል የለችም አለው። የት ሄደች ቢለው፣ ሕፃን ልታስተኛ አለው። ሳቄን ይዤ ወጣሁ። ካርልተንን ለውድድሩ ብቻ እንደምጫወትለት፣ ከዚያ በኋላ እንዳላውቀው ነገርኩት። እሺ አለ። ምን ምርጫ ነበረው።

የማኅበሩ አዳራሽ በሠራተኞች ቀን ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ነበር። የፋብሪካው ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ሚስ ኦፋል ከነማራገቢያዋ። አባቴ ከኋላ ግድግዳው ጋ ተደግፎ ቆሞ አየሁት። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። የዕለቱ አስተዋዋቂ ሌስተር ነበር፣ በሬዲዮ ጠዋት ጠዋት የሚቀልደው፤ ነጭ ሱፍና ነጭ ባርኔጣ ለብሷል። ሌስተር የኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ ፀጉሯን የምታሠራው ሜይዴል ጋ ነበር።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሌሎቹ ዝቅ ብለው ቦታውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ጀመርኩ። አውራ ጣቴ ወደቀ፣ ሸሸ፣ ወደቀ፣ ሸሸ። የፊተኛው ረድፍ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ሰው ሲጮህ ሰማሁ፣ የደስታ ጩኸት። ንዴቱ አንጓዬ ላይ ነበር፣ ልክ አባቴ ባለው ቦታ፣ ደግሞም ጣፈጠኝ፤ ይህን አልዋሽም።

ያኔ ሌስተር ማይኩን ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። እየተወዛወዘ መጥቶ ባርኔጣውን አናቴ ላይ ደፋው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ጣቱን አገጬ ሥር አድርጎ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዞረው።

«ፈገግ በይላቸው እንጂ፣ ቆንጆ» አለ በማይኩ። «እንዲህ ተኮሳትረሽማ ታስፈሪናለሽ። አንድ ጥርስ! አንድ ጥርስ ብቻ አሳዪን!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አብረውኝ መስመር ላይ የሚሠሩት ሳቁ። ማን ይስቅብኛል ብዬ የነገርኩት የራሴ ሰው ሳቀ።

እጄን አወረድኩ። ቤዙ ዝም አለ። ከበሮው ትንሽ ብቻውን ሄዶ እሱም ቆመ። ባርኔጣውን ከአናቴ ላይ አንስቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ውረድ» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ወደ ሕዝቡ ዓይኑን ጠቀሰ።

«ከመድረኩ ውረድ።»

ማይኩ በመሐላችን ስለነበር ሁሉም ሰማ። ሳቁ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ጠፋ። ሌስተር ባርኔጣውን አንስቶ እስኪወርድ ቆሜ ጠበቅኩት። ከዚያ ወደ ከበሮ መቺው ዞሬ «ከመጀመሪያው» አልኩት፤ ከመጀመሪያው መታን። በሕይወቴ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ግማሹ ሰው ጨፈረ፤ ግማሹ እጁን አጣምሮ አየኝ። ኋላ ወደ ግድግዳው ሳይ አባቴ አልነበረም።

ተሸነፍን። ዳኞቹ ዘፈን አቋርጠዋል አሉ። ካርልተን ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘኝ፤ ሲንሲናቲን ከአፌ ነጠቅሽኝ አለ። አንዴ ፈገግ ብትዪ ጥርስሽ ይረግፍ ነበር ወይ አለኝ።

«ጥርስ ካስፈለጋቸው ያንተን ታሳያቸው ነበር» አልኩትና አምፕሊፋየሬን አነሳሁ።

አባቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ዕቃውን ጫንን። ድልድዩን አለፍን።

«ዘፈኑን አቋረጥሽው» አለ።

«አዎ።»

«እንደሚቋረጥ አላውቅም ነበር።»

ያኔ እሱ ቢያቋርጥ ኖሮ ይገድሉት እንደነበር፣ ቢያንስ እናቴ ሥራዋን ታጣ እንደነበር፣ ጊዜው ሌላ እንደሆነ ልነግረው ጀመርኩ። መሪውን በመዳፉ መታው።

«አታስተባብዪልኝ» አለ። «እዚያ አልነበርሽም። ማንም እንዲያስተባብልልኝ አልፈልግም።»

ለራሱ ይናደድ፣ መብቱ ነው። እኔ የራሴ ንዴት ነበረኝ።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን ሌስተር በማግስቱ ጠዋት በሬዲዮ አወራው። ስሜን አልጠራም፤ «ጥርስ የሌላት ቤዚስት» እያለ፣ ድምፄን እያስመሰለ «ውረድ! ውረድ!» እያለ ከተማውን አሳቀበት። በዚያው ሳምንት ሦስቴም አራቴም ደገመው። ፋብሪካ ስገባ ሰዎች «ውረድ» እያሉ ያሳልፉኛል። ኩሽና ውስጥ ሬዲዮውን ልዘጋ ስል አባቴ ተይው አለ። ቡናውን ጨረሰ። ወደ ክፍሉ ገብቶ የእሁድ ሱፉን ለብሶ ወጣ፤ ቀኑ ግን ሐሙስ ነበር።

የሄደው ሬዲዮ ጣቢያው ነው። ይህን የሰማሁት ከሜይዴል ነው፤ እሷ ደግሞ እዚያ ስልክ ከምታነሳው ደንበኛዋ። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሌስተር ፕሮግራሙን ጨርሶ እስኪወጣ ጠበቀ። አልጮኸም አለች ልጅቷ። ጠጋ ብሎ ለብቻው የሆነ ነገር ነገረው፤ ረጅም አልነበረም። ሌስተር መጀመሪያ እየሳቀ ነበር የሚሰማው፤ ከዚያ መሳቁን ተወ፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ሌስተር ያን ቀልድ ሁለተኛ አላወራም። ይቅርታም አልጠየቀኝ፤ መንገድ ላይ ካየኝ ይሻገራል። እኔ ብርዱ ሳይገባ ከከተማው አጠገብ ትሮትዉድ ካሉ ልጆች ጋር መጫወት ጀመርኩ፤ ከእነሱ ጋር ብዙ ቦታ ሄድኩ፤ ካርልተን አሁንም ጫማ ይሸጣል። የሆቴሉን ሰዎች ግን እስከዛሬ ይቅር አላልኩም፤ የሳቁትን ጎረቤቶቼንም ቢሆን ገና አልጨረስኩላቸውም።

የዚያን ዕለት አባቴ ሲመለስ በረንዳ ላይ ጠበቅኩት።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«ለእሱ ያልኩት ለእሱ ነው» አለ። ክራባቱን እየፈታ በአጠገቤ አልፎ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከምድር ቤቱ ድምፁ መጣ፤ ማጠቢያ ማሽኑን ወደ ጥግ እየገፋ ነበር፣ እያቃሰተ፣ ማሽኑን እየተሳደበ።

«ምን ቆመሻል?» አለ ከታች። «ይሄ እቃ የአምፕሊፋየርሽን ቦታ ይዟል። ነይ ያዥልኝ።»